አስቀድሞ የሚበላው ይታወቅ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ባትሪ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል ስለማያልፍ ለእኛም አልተከለከለም።

ቺፑን፣ ሜሞሪውንና ሽቦውን አገጣጥመው ኮምፒዩተር በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ምስጋና ይገባቸዋል። የሚያሳዝነው መብራት በጠፋ ቁጥር በሜሞሪው ውስጥ የነበረው ሥራ ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ተመልሶ በሚሞላ ባትሪ ይሠራ ቢባል ሁሉም ይስማማል፤ ክርክሩ የሚነሣው «በየትኛው?» ሲባል ነው። ብዙዎች ወዲያው የሚመኙት የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ነው። እኔ ይህን አሳብ እቃወማለሁ።

እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። 12ቱን ቮልት 7805 በሚባለው የተለመደ ማስተካከያ ወደ 5 ብናወርደው 7ቱ ቮልት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከባትሪው ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠው አየር ለማሞቅ ዋለ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው!

የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የባትሪ ድንጋይ ግን አንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ፣ አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 4.8 ይሰጣሉ። ገና እንደ ተሞሉ 5.6 ያህል ሊደርሱ ስለሚችሉ የቺፑን ወሰን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከፍ ካለም አንድ ዳዮድ በመካከል ማስገባት ይበቃል።

እያንዳንዱ ድንጋይ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል እንበል። እንደ ፊተኛው ዚ80 (1976 እ.ኤ.አ.) ባሉ በጥንቶቹ ቺፖች የተሠራ መሣሪያ 500 ሚሊ አምፔር ቢበላ፣ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ያንኑ መሣሪያ ሲሞስ በሚባሉት ቁጥብ ቺፖች ሠርተን ፍጆታውን ወደ 100 ብናወርደው 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው የሠሪው አሳብ ነው።

ነገሩ የሽቦ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትልቅ ባትሪ ለመግዛት አቅም ያለው ተማሪ ስንት ነው? «ያለ ትልቅ ባትሪ አይሆንም» እያልን ከሰበክን፣ ይህን ጥበብ ኪሱ ለሞላ ብቻ እንተውለታለን። አራት ድንጋይና መሙያው ግን ጥቂት ጓደኛሞች አዋጥተው የሚገዙት ነገር ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የኤሌክትሪክ መለኪያ ተውሰን መሣሪያችን ምን ያህል እንደሚበላ እንለካ። ከዚያም ፍጆታውን እንቀንስ፤ ባትሪውን በመጨረሻ እንምረጥ። ይህን ሒሳብ የሚያፈርስ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንማርበት።