ጥፋቱ የተራራው ሳይሆን የአንቴናው ነው



«በሰሜን ደጋ ራዲዮ አይሠራም፤ ተራራው ይጋርደዋል» የሚል ሰው ሞልቷል። ነገሩ እውነትነት ያለው ለእጅ ራዲዮ ብቻ ነው፤ የእጅ ራዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። አጭር ሞገድ ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ይኸውም ወደ ሰማይ ወጥቶ ከ250 እስከ 350 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አዮኖስፌር ተመልሶ ይወርዳል። በዚያ የሚያልፈውን ሞገድ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢረዝምም ምን ያደርገዋል?

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ጉልበቱን ወደ አድማስ ይረጫል እንጂ ወደ አናቱ አይልክም። ስለዚህ ካርቱም ይሰማው ይሆናል፤ ደባርቅ ግን አይሰማውም። ለቅርብ ጎረቤት የሚበጀው የተጋደመ ሽቦ ነው። ለ5 ሜጋኸርዝ 28 ሜትር ተኩል ያህል የመዳብ ሽቦ ለሁለት እኩል ተከፍሎ፥ በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ከ8 እስከ 12 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል ይበቃል። ሌሊት ሞገዱ ዝቅ ማለት ስላለበት ረዘም ያለ ሁለተኛ ሽቦ ይጨመራል።

ይህ የጨዋታ ጕዳይ አይደለም። ጎንደር የጤና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ለመላክ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመባት ከተማ ናት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በአንድ መስመር ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራላት ብታጣ ተራራውን ልንወቅስ ነውን?

ደግሞም ከባዕድ መጽሐፍ የማናገኘው ትምህርት በእጃችን አለ። በአውሮፓ ሰማይ የሽቦው አቅጣጫ ብዙ ለውጥ አያመጣም። እኛ ግን ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ ነን፤ በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ የጀመረው ስለዚሁ ጭምር ነው። እዚህ የምድር መግነጢስ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ስለሚያልፍ፥ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ሞገዳቸው በአዮኖስፌር ውስጥ የተለያየ ጠባይ ይይዛል። የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሚሻል በጥቁር ሰሌዳ አይታወቅም፤ በሜዳ ተፈትኖ በየሰዓቱ ሲመዘገብ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቅ፤ በአዲስ አበባ 5 ኪሎ ተማሪዎች በአማተር ራዲዮ ጣቢያ መሥራታቸው መንገዱ ዝግ አለመሆኑን ያሳያል። የምሕንድስና ተማሪዎች ሁለቱን ሽቦዎች ይስቀሉ፤ የጤና ተማሪዎች ከጤና ጣቢያ ይመልሱ፤ ውጤቱም በዚህ ጋዜጣ ይታተም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።