ብረት፣ ሚዛንና የግሸን መንገደኛ



መስከረም 21 በደረሰ ቁጥር ከየአቅጣጫው የሚመጡ ክርስቲያን ወገኖቻችን አምባሰልን አቋርጠው ወደ ግሸን ይወጣሉ። ብዙዎቹ በእግራቸው ነው የሚጓዙት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ጎርፍ ያወረደው ቆሻሻ ከየምንጩ አልጠራም። «በዓሉ የኛ አይደለም፤ ምን አገባን?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እኛ ግን ያገባናል እንላለን። ምክንያታችንን ክፍል ውስጥ ከምንማረው እንጀምር።

ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ቪብሪዮ ኮሌሬ፣ ያለ ብረት መኖር አይችልም። ጉልበት የሚያገኝባቸው ኢንዛይሞች ብረት ይፈልጋሉ። ሰውነታችን ደግሞ ብረቱን በዋዛ አይሰጥም። በደም ውስጥ ትራንስፈሪን፣ በእናት ጡት ወተትና በአንጀት ፈሳሽ ውስጥ ላክቶፈሪን የተባሉ ፕሮቲኖች ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ባክቴሪያው በበኩሉ ቪብሪዮባክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቃል። ንጥረ ነገሩ ያገኘውን ብረት አጥብቆ ይይዛል፤ ባክቴሪያውም ከነብረቱ መልሶ ያስገባዋል።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ማቆም ማወቁ ነው። ብረቱ ሲበቃው ፉር የተባለው ፕሮቲን ብረት ይዞ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና ብረት የማስገባቱን ሥራ ይዘጋል፤ ብረት ሲጎድል ይለቃል። ምክንያቱም የተረፈ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል፣ ዲኤንኤን የሚበጣጥስ ራዲካል ይፈጥራል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የምንለው ይህን የመሰለውን ጉዳት ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ፐርኦክሳይድ መብዛቱን የሚያውቅ ኦክሲአር የተባለ ፕሮቲንና ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚበትን ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ይህ ከግሸን መንገድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ውሃ ውስጥ የምንጨምረው ክሎሪንም ጀርም የሚገድለው በማቃጠል ነው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይፈጠራል፤ ነጭ የደም ሴሎቻችንም የዋጡትን ጀርም ለመግደል የሚያመርቱት ይህንኑ ነው። መከላከያ ያለውን ጠላት ደግሞ በግማሽ ልክ አንገጥመውም። ውሃው ከደፈረሰም ክሎሪኑ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። እናም የደፈረሰውን ማጥለል፣ ውሃ አጋርን ወይም ሌላውን የክሎሪን መድኃኒት ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር፣ ከዚያም 30 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል። «ይሸታል» ብሎ ልኩን የሚቀንስ፣ «ቸኩያለሁ» ብሎ ወዲያው የሚጠጣ ሰው ያልታከመ ውሃ እንደጠጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስንል በሌላው በዓል ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ የተነሣው ኮሌራ ወደ 15 ሺህ ሐጃጆችን እንደገደለ ይገመታል። በሽታው በግብፅ በኩል አውሮፓ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው መከሩበት። ኮሌራ ሃይማኖት አይለይም። መንገደኛው ከሚቀዳበት ምንጭ የአምባሰል ሙስሊም እናትም ትቀዳለች። ደግሞስ በወሎ የክርስቲያን ዘመድ የሌለው ማን አለ?

በ57ኛው ሱራ፣ በሱረቱል ሐዲድ፣ አያ 25 ላይ ሚዛንና ብረት ተከታትለው ተወስተዋል። ብዙዎቻችን ይህችን አያ የምናነሣት ክርክር ለመርታት ነው። እንደኛ እምነት ግን አላህ ለዓይን የማትታይ ፍጡር እንኳ ብረቷን በሚዛን እንድትይዝ ማድረጉን በጥሞና ማጥናት፣ በዚያም እውቀት የአንድ ሰው ነፍስ ማትረፍ ይበልጣል። ለተጠማ ውሃ ማጠጣት ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ንጹሕ ውሃ ማጠጣትማ ምንኛ የበለጠ ሰደቃ ነው!

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የጤና ተማሪዎች ከአሁኑ እንደራጅ። የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤትና የበዓሉን አስተባባሪዎች እናነጋግር። ለመጪው መስከረም ጀሪካን፣ ማጥለያ ጨርቅና ክሎሪን አዘጋጅተን፣ በተፈቀደልን ቦታ ቆመን ልኩንና 30 ደቂቃውን ለመንገደኛው እናስረዳ። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ያምጣ፤ ጉልበት የሌለው የተማረውን ያስተምር።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ በተማርነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።