የባለጉዳይ ምስጢር የማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

ችግረኛ ሰው ምክር ፍለጋ ሲወጣ ገንዘብ ይዞ አይወጣም፤ ገመናውን ይዞ ነው የሚወጣው። ባልዋ ጥሏት የሄደች ሴት፥ ከኪራይ ቤቱ ያለ ማስጠንቀቂያ የተባረረ አባወራ፥ ደመወዙን የተነፈገ የቀን ሠራተኛ፥ ለጎረቤት ያልነገሩትን፥ ለንስሐ አባታቸው ወይም ለሼሃቸው እንኳ በጭንቅ የሚያወጡትን ጉዳይ በማያውቁት ሰው ፊት ዘርግተው ያስረዳሉ። እንግዲህ «ነጻ ምክር» እያልን የምንጠራው አገልግሎት ለባለጉዳዩ በእርግጥ ነጻ ነውን? ዋጋውን በምስጢሩ እንደሚከፍል ልብ ያልን ስንቶቻችን ነን?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያስገደደን በዐይናችን ያየነው ነገር ነው። ከአባሎቻችን መካከል አንዳንዶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አየር ጤና በሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ምክር መስጫ በፈቃደኝነት እናገለግላለን። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቶ ይውላል። የገባ ሁሉ ስሙን፥ ወረዳውን፥ ስልኩንና «የመጣበትን ምክንያት» ይጽፍበታል፤ መጻፍ የማይችለውም ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት ጮክ ብሎ ይናገርና ይጻፍለታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ለመፈረም ጐንበስ ሲል ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ያነባል። አንድ ቅዳሜ ስለ ልጅዋ ቀለብ ልትጠይቅ የመጣች አንዲት እናት እስክሪብቶውን እንደ ያዘች ቀጥ አለች። ስሟን ልትጽፍ ካለችበት መስመር በላይ የሰፈረው የጎረቤቷ ስም ነበር። ጥቂት ቆማ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ሌላ ቀን አልመጣችም። ያ ሕፃን ቀለቡን ያጣው በዳኛ ፍርድ ሳይሆን በአንድ መዝገብ አቀማመጥ ምክንያት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በመዝገቡ ላይ ጥለን እጃችንን ልንታጠብ አንችልም። ቅዳሜ የሰማነውን ጉዳይ ሰኞ በሻይ ቤት ያወራን የለንምን? «ስሟን አልጠራሁም» ብለን ራሳችንን አጽናንተን፥ የሰፈሯን ምልክት፥ የልጆቿን ቁጥር፥ የባልዋን ሥራ ግን አንድ በአንድ ዘርዝረን የለምን? አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ወሬ በእግር መሄዱ ቀርቶ በቴሌግራም ይበራል።

ስም ሳይጠራ ሰው ሊታወቅ እንደሚችል ከአየር ጤና ሩቅ ያልሆነው የዘነበወርቅ ሰፈር ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በዚያ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ ብዙ ሕሙማን ከነቤተሰባቸው ሰፍረው ኖረዋል፤ በ1958 ዓ.ም.ም አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። በሽታው በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ነው። ነገር ግን በሽታው ከለቀቀው ሰው ላይ ስሙ ቶሎ አይለቅም። «የት ሰፈር ነህ?» ተብሎ መልሱን የሰጠ ሰው በዚያች በአንዲት ቃል የቤተሰቡን የሕመም ታሪክ ለሥራ ቀጣሪውም ለአማቱም ሊገልጽ ይችል ነበር። ስለዚህ አድራሻ አድራሻ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ላይ ተራ መስሎ የሚታየን ነገር ለባለቤቱ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ይህ የእኛ የተማሪዎች የስሜት ጩኸት ብቻ እንዳይመስል ሕጉን እንመልከት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት መከበር ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡትን፥ ጠበቃንና ሐኪምን የመሰሉትን፥ ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፥ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠየቅ፥ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ጤናንና ሃይማኖትን የመሰለውንም መረጃ ለይቶ በብርቱ ይጠብቃል። አፈጻጸሙን እንዲቈጣጠር የተሠየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ወጥቷል፤ የቀረው ከነጋሪት ጋዜጣ ወርዶ እስከ አየር ጤናው ጠረጴዛ መድረሱ ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ለሕዝብ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች ተከፍተው ነበር። ዛሬ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ የመጣ ሲሆን፥ ምክሩ ነጻና ገለልተኛ እንዲሆን የሚያስፈልገውን ያህል ምስጢራዊ እንዲሆንም ያውጃል። ለእኛ ግን ይህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የሰሙትን ይዘው መቃብር የወረዱ ሽማግሌዎች ልጆች ነን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ረጂዎች ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ስምና ፎቶግራፍ ካላሳየን እርዳታው ይቋረጣል» ይሉናል። ሌሎችም «ክፍል የለን፥ ቁም ሣጥን የለን፥ ከየት እናምጣ?» ይላሉ። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ረጂ ስንት ሰው እንደ ተረዳና ገንዘቡ የት እንደ ዋለ የማወቅ መብት ቢኖረውም፥ የእናቲቱን ፊት የማየት መብት አለው ማለት አይደለም። ለቀሩት ነገሮችም ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

አንደኛ፥ መዝገቡ ከበር ላይ ይነሣ። ለባለጉዳዩ ቁጥር ይሰጠው፤ ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ደብተር በአንድ ኀላፊ እጅ ተቈልፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ ለጉዳዩ የማያስፈልግ ነገር አይጠየቅ። የቤት ኪራይ ክርክር ይዞ የመጣን ሰው ሃይማኖቱን መጠየቅ ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛ፥ ፈቃድ ሲጠየቅ ቅጹ ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። በአማርኛ በተጻፈ ቅጽ ላይ አማርኛ የማይሰማ ኦሮምኛ ተናጋሪን ጣት ማስነከር ፈቃድ ሊባል አይችልም። ፎቶ አልነሣም ቢል ምክሩ አይከልከለው።

አራተኛ፥ የባለጉዳይን መታወቂያና የፍርድ ቤት ወረቀት በገዛ ስልካችን ፎቶ ማንሣት ይቅር።

አምስተኛ፥ ጉዳዩ ያለቀ ፋይል የሚቀመጥበት ጊዜ ተወስኖ በጊዜው ይቃጠል። ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ወረቀት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ሲሸጥ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። የአንዲት እናት አቤቱታ ሱቅ ደርሶ ቆሎ ሊቋጠርበት አይገባም።

መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንጠይቀው አለን። ከምክር መስጫ የሚመጡ ጉዳዮች ለክፍል ትምህርት ሲቀርቡ ስም ብቻ ሳይሆን ሰውየውን የሚያስለይ ምልክት ሁሉ ይውጣላቸው። ማኅበራችንም ለበጎ ፈቃድ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የምስጢር ጠባቂነት ቃል እንዲገባ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲወስን እናሳስባለን።

ድኻ ሰው ከእኛ ዕውቀት ይጠብቃል፤ ዕውቀታችን ገና ጥቂት ነው። አፋችንን መጠበቅ ግን ዲግሪ አይጠይቅም። መዝገቡ ከበሩ ላይ የተነሣ ዕለት ያቺ እናት ተመልሳ ትመጣ ይሆናል፤ ባትመጣም እንኳ ከእርስዋ በኋላ የምትመጣው ሌላዋ እናት ከደጃፋችን አትመለስም።