በጎ ልብ ብቻውን ሐዋሳ አያደርስም



ባለፈው ሳምንት ከመመገቢያው አዳራሽ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አይተናል። ወረቀቱ ዓይነ ስውራን ለሆኑት ጓደኞቻችን የድምፅ መቅጃና የብሬል ወረቀት መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በብስክሌት የሚደረገው ጉዞ ዘንድሮም እንደሚደገም ያስታውቃል። ከግርጌው የስም መጻፊያ መስመር ተሰምሮበት ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መስመሩ ሁሉ ሞልቶ፥ የዘገየ ሰው ስሙን በኅዳጉ ላይ መጻፍ ግድ ሆነበት።

ይህን ያየ ሰው ሊደሰት ይገባዋል፤ እኔም ተደስቻለሁ። ዳሩ ግን ከፈረሙት መካከል ዐሥሩን ያህል እየዞርሁ «ከዚህ በፊት በአንድ ቀን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት ሄደህ ታውቃለህን?» ብዬ ብጠይቅ፥ አዎን ያሉኝ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱማ «ብስክሌት የሚያከራዩት የት ነው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ከሌሎቹም ብዙዎቹ «ዋናው በጎ ልብ ነው፤ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው መልስ ነው፤ አምና እኔም የመለስሁት ይህንኑ ነበርና።

አምና ከግቢያችን በር የተነሣነው 22 ነበርን። ብስክሌት እየነዱ ሐዋሳ የገቡት 9 ናቸው። የቀረነው 13 ከብስክሌቶቻችን ጋራ በአጃቢው አይሱዙ ላይ ተጭነን ገባን። በከተማው መግቢያ ላይ ለፎቶግራፍ ውረዱ ተባልን፤ ወርደን፥ ብስክሌታችንን ይዘን ፈገግ አልን። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ፤ ማን በእግሩ፥ ማን በመኪና እንደ ደረሰ ግን አይናገርም። እኔ ከዐሥራ ሦስቱ አንዱ ነኝ።

ነገሩ በፎቶግራፍ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ባልጻፍሁ። ነገር ግን ገንዘቡ ቃል የተገባው በኪሎ ሜትር ነበር። ለእኔ ቃል የገቡልኝ ዘመዶችና ወዳጆች ተደምረው በየኪሎ ሜትሩ 40 ብር ሊሰጡ ነበር። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ 11,000 ብር ማስገባት ነበረብኝ። እኔ ግን ባቱ ላይ፥ ማለት በ160ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አድሬ፥ በማግሥቱ ጧት ጉልበቴ አልታጠፍም አለኝ። ስለዚህ ያስገባሁት 6,400 ብር ነው፤ 4,600 ብር ቀረ። ሒሳቡን ይዤ የሄድሁባቸው ነጋዴ አጎቴ «ልጄ፥ ቃሌ በኪሎ ሜትር ነው፤ አንተ ስትቆም የእኔም እጅ ቆመ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ወሬውን የሰማ አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛችን ደግሞ «የእኔ መቅጃ የቀረው በስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲቀልድ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅሁም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ስለ ሌላ ሰው እነዳለሁ ብሎ ስሙን የጻፈ ተማሪ፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሩ የራሱ ብቻ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ ተቀብሎ አለመሰናዳት የሰው እህል ተረክቦ ባልተመረገ ጎተራ እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል። ልምምዱ የስጦታው ትልቁ ክፍል ነው። ሁለቱን የጉዞ ቀን ሰው ሁሉ ያያል፤ ከዚያ በፊት ያለውን ዐሥራ ሁለት ሳምንት የሚያይ የለም። ኪሎ ሜትሩ የሚገኘው ግን በዐሥራ ሁለቱ ሳምንት ነው።

አምና ካሳቱን ነገሮች የመጀመሪያው ስለ መንገዱ ያለን ግምት ነበር። «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዋሳ ዝቅ ያለች ናት፤ እንግዲህ መንገዱ ቁልቁለት ነው» አልን። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ስትሆን ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ሆኖም መንገዱ እንደ አሸንዳ በአንድ አቅጣጫ የሚወርድ አይደለም። እስከ ሞጆ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በመቂና በባቱ በኩል ሜዳው ላይ ይዘልቃል፤ ላንጋኖን ካለፉ በኋላ ግን ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነሥቶ አርሲ ነጌሌ ላይ 2,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ ዳገት የሚመጣው በሁለተኛው ቀን፥ ሰውነት ከዛለና ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። እኛ እስከ ሞጆ ድረስ እየተሽቀዳደምን በረርን። ቁልቁለቱ ያበደረንን ጉልበት የራሳችን አድርገን ቆጠርነው፤ ዕዳውን ባቱ ላይ ከፈልን።

ሁለተኛው ስሕተት በመጨረሻው ሳምንት የተደረገ ልምምድ ነበር። ብዙዎቻችን አምስት ቀን ሲቀረን በየቀኑ እስኪደክመን ድረስ ነዳን። ይህ ፈተና ሊደርስ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያነብ ተማሪ መሆን ነው። ሰውነት የሚጠነክረው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን ከድካሙ በኋላ ባለው ዕረፍት ነው። ስለዚህ ልምምድ በጊዜ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ማደግ አለበት። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል፤ ሦስቱ ቀን አጫጭር፥ አንዱ ረጅም ይሁን። ረጅሙ በ25 ኪሎ ሜትር ቢጀምርና በየሳምንቱ 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ቢጨመርበት፥ በየአራተኛውም ሳምንት ጥቂት ቀንሶ ሰውነትን ቢያሳርፉት፥ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ የመመለስ ያህል ነው። መሄዱ ቀላል ነው፤ መመለሱ ግን ዳገት ስለ ሆነ ሰው ራሱን የሚያውቀው በመመለሱ ነው። ጉዞው የሁለት ቀን እንደ መሆኑም፥ አንድ ጊዜ እንኳ ቅዳሜና እሑድን አከታትሎ መንዳት ያስፈልጋል፤ በደከመ እግር መነሣት ሌላ ትምህርት ነውና። በመጨረሻው ሳምንት ግን በጣም ቀንሶ ማረፍ ነው።

የልምምዱን ቀን ስንመርጥ ጾሙን ማሰብ አለብን። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ማክሰኞ፥ ሐሙስና ቅዳሜ አጭሩን፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅሙን ማድረግ ይቻላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ረመዳንም አለ። ዐሥራ ሁለቱ ሳምንት ከእነዚህ ጋራ እንዳይጋጭ፥ ከፈተናም እንዳይደርስ፥ ቀኑ አስቀድሞ በካላንደር ላይ ተቈጥሮ ይወሰን። አምና ቀኑን የወሰነልን የቲሸርቱ አታሚ ነበር።

ስለ ብስክሌቱም ጥቂት ልበል። የእኔን ጉልበት የበላው ዝቅ ብሎ የተሰካ ኮርቻ ነበር፤ ዋጋው አንድ ቁልፍና ሁለት ደቂቃ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ እንዲታጠፍ ኮርቻው ከፍ ይበል። ፍሬኑ፥ ሰንሰለቱና ማርሹ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይታዩ እንጂ በዋዜማው አይነኩ። እያንዳንዱ ሰው ጎማ መፍታትና መለጠፍ፥ መንፋትም ይልመድ። በየመንደሩ ጎሚስታ አለ ብሎ መመካት አይገባም፤ ጎማ የሚፈነዳው ጎሚስታ በሌለበት ነው። የራስ መከላከያ ቆብ የሌለው ሰው አይነሣ፤ ከጨለማ በፊትም ሁሉ ማረፊያው ይድረስ። ያ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ጸጥታውም አስቀድሞ ተጠይቆ፥ ፈቃዱም በጽሑፍ ተይዞ እንጂ በግምት አይኬድበትም።

ምግብን በሚመለከት አያቶቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁ ነበር። መንገደኛ ስንቅ ሳይዝ አይወጣም ነበር፤ ስንቁም በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ቢበቃው ነው፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ድንገት እንደ እንጨት ይሆንበታል። መድኃኒቱ እስኪርብ ሳይጠብቁ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ነው፤ ሙዝ፥ ዳቦ ቆሎ፥ በውኃ የተበጠበጠ በሶ ከነጨው። ውኃም በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር፥ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አምና ባዶ ሆዳችንን ሞጆ ድረስ ሄደን ጥብስ አዝዘን እስክንጠግብ በላን። ከዚያ በኋላ የነዳነው ብስክሌት ሳይሆን ሆዳችንን ነበር።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። አንዳንዶች «ይህን ያህል ከመድከም ለምን ገንዘቡን ራሱን ሰብስበን አንሰጥም?» ይላሉ። መልካም ጥያቄ ነው። መልሱ እኛ ተማሪዎች ገንዘብ የለንም፤ ያለን ጊዜና እግር ነው፤ የሚለው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ስለ ድካማችን ብሎ ይሰጣል። ድካሙ እውነተኛ ከሆነ ሰጪና ተቀባይ ይከባበራሉ። ድካሙ የፎቶግራፍ ከሆነ ግን ልመናን በብስክሌት አስጊጠን ማቅረባችን ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፈተና ከተደረገ ደካማው ይቀራል፤ በጎ አድራጎት ውድድር አይደለም» ይላሉ። ስለ ፍጥነት ማንም አልተናገረም፤ የሚፈተነው መድረስ ነው። ደግሞስ የሚነዳ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚያስፈልገው? ሒሳብ የሚይዝ፥ ውኃ የሚያድል፥ ቁስል የሚያጥብ፥ ጎማ የሚለጥፍ፥ ቃል የገቡትን እየዞረ የሚያሳስብ ሰው ያስፈልጋል። አምና እነዚህ ሥራዎች ባለቤት አልነበራቸውም፤ ሁሉ ነጂ መሆን ፈልጎ ነበርና።

ሦስተኛው መከራከሪያ እጅግ እውነት ያለው ነው፤ ይኸውም ብዙዎቻችን ብስክሌት የለንም። ከእኅቶቻችን መካከል ደግሞ በልጅነታቸው «ለሴት ልጅ ነውር ነው» ተብለው ብስክሌት ሳይነኩ ያደጉ አሉ። ስለዚህ መሰናዶው ከዚህ መጀመር አለበት። ብስክሌት ያለው በሥራ ቀን ለሌለው ያካፍል፤ አንድ ብስክሌት በልምምድ ወራት ሁለት ሦስት ሰው ያሠለጥናል። መንዳት የማያውቁትም ጧት መኪና ሳይበዛ ሜዳችን ላይ ይማሩ። በሦስት ወር ውስጥ ሐዋሳ መድረስ ባይችሉ እንኳ፥ ለሚመጣው ዓመት ነጂ ተገኘ ማለት ነው።

የአገራችን ሰው በብስክሌት አይችልም የሚል ካለ ታሪክ ይመልስለታል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን ከሮጡት ሌላ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች ጋራ የሚያስተካክለን የለም፤ ነገር ግን እነርሱም በፊርማ ብቻ አልተነሡም።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1980፥ 36 ሰዎች ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማግኘት በብስክሌት ተጕዘው 10,200 ዶላር ሰበሰቡ። ጉዞው እያደገ ሄዶ ከታላላቆቹ የበጎ አድራጎት ጉዞዎች አንዱ ሆነ፤ ነጂዎቹ ከለጋሾች የሚሰበስቡት ገንዘብም ለዝግጅት ወጪ ሳይነካ በሙሉ ለተባለለት ሥራ እንዲሄድ ተደረገ። እኛ ግን አምና የቲሸርቱንና የምሳውን ዋጋ ያወጣነው ከዚያው ከተሰበሰበው ላይ ነው። አጎቴ በየኪሎ ሜትሩ ብር የሰጡት ለእኔ ጥብስ አልነበረም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ ጉዞው ከዐሥራ ሁለት ሳምንት በፊት ቀኑ ተቈርጦ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢሾፍቱ ደርሶ በአንድ ቀን ያልተመለሰ ሰው አይነሣ፤ ሌላ ሥራ ይሰጠው፤ ስሙም ከነጂዎቹ ጋራ እኩል ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የቲሸርት፥ የምግብና የጥገና ወጪ ከነጂዎቹ መዋጮ እንጂ ከስጦታው አይወሰድ። አራተኛ፥ እያንዳንዱ ሰው የነዳው ኪሎ ሜትርና ያስገባው ገንዘብ፥ የጎደለውም ሳይደበቅ፥ በዚያው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

እኔ የአምናውን የራሴን ጀምሬ ይኸው ጻፍሁ፤ 160 ኪሎ ሜትር፥ 6,400 ብር፥ ጉድለት 4,600 ብር። ስሜ ዘንድሮም በዝርዝሩ ላይ አለ። የፊታችን ማክሰኞ ጧት 12 ሰዓት ላይ ኮርቻዬን ከፍ አድርጌ በበሩ እወጣለሁ። ስማችሁን የጻፋችሁ፥ እዚያ እንገናኝ።