የአቢጃኑ ሹመት ለአርሶ አደሩ ምኑ ነው?

አቢጃን ከመርዓዊ በጣም ሩቅ ናት። የአፍሪካ ልማት ባንክን ማን ይመራዋል የሚለው ጉዳይም ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌ አርሶ አደር የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ ይታያል። ነገር ግን መርዓዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተገነባው የቆጋ ግድብና የመስኖ አውታር በዚሁ ባንክ ሥር ካለው የአፍሪካ ልማት ፈንድ በተገኘ ብድር የተሠራ ነው። ዛሬ በቆጋ በበጋ ስንዴ የሚያመርት አርሶ አደር ማሳው ላይ ውኃ የሚያገኘው የባንኩ ቦርድ ከዓመታት በፊት ባሳለፈው ውሳኔ ጭምር ነው።

ይህ ባንክ መሪውን ቀይሯል። ለ10 ዓመት የመሩት ናይጄሪያዊው አኪንዉሚ አዴሲና የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሞሪታኒያዊው ሲዲ ኡልድ ታህ ዘጠነኛው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ለውጡ ግብርናን ይነካል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። እንዴት እንደሚነካ ለማየት ተሰናባቹን መሪ ማወቅ ይጠቅማል።

አዴሲና የግብርና ኢኮኖሚስት ናቸው። ወደ ባንኩ ከመምጣታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 የናይጄሪያ ግብርና ሚኒስትር ነበሩ። በሚኒስትርነታቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው ሥራቸው የማዳበሪያ ስርጭት ነው። በዚያች አገር መንግሥት በድጎማ እየገዛ የሚያከፋፍለው ማዳበሪያ ለበርካታ ዓመታት እውነተኛው ገበሬ ዘንድ ሳይደርስ በደላላና በባለሥልጣን እጅ ሲቀር ኖሯል። አዴሲና መንግሥት ከግዥውና ከስርጭቱ እንዲወጣ አድርገው፣ የድጎማው ማረጋገጫ ለተመዘገበው ገበሬ በእጅ ስልኩ በቀጥታ እንዲላክለት አደረጉ፤ ገበሬውም ያንን ይዞ ከግል አቅራቢ ይገዛል። ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር አሠራሩ መቸገሩ አልቀረም። ቢሆንም ሰኔ ገብቶ ማዳበሪያ ሲዘገይ አርሶ አደሩ ምን እንደሚል የሰማ የወረዳ ባለሙያ፣ የዚህ ሰው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ሰው የባንኩን ወንበር ሲይዝ የባንኩ አጀንዳም መልኩን ቀየረ። አዴሲና አምስት ዋና ጉዳዮችን ለይተው ሲያወጡ፣ አፍሪካን መመገብ የሚለው በስሙ ተለይቶ ከአምስቱ አንዱ ሆነ። ከዚህ ሥር የተሻሻሉ የግብርና ቴክኖሎጂዎችን ለአርሶ አደሩ የማድረስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በዚህም ሙቀት የሚቋቋሙ የስንዴ ዝርያዎች ዘር ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲባዛና እንዲሰራጭ ድጋፍ ተደረገ። በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የተጀመረው የቆላ ስንዴ ይህ ድጋፍ ከደረሳቸው መካከል ነው። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋን ሰማይ ባደረሰው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ባንኩ 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ምርት ማዕቀፍ ያጸደቀው የጦርነቱ ሦስተኛ ወር ሳያልቅ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ፕሬዚዳንቱ ገንዘብ ከኪሱ አይሰጥም። ፕሮጀክት የሚያጸድቀው የ20 ዳይሬክተሮች ቦርድ ነው፤ ብድር የሚጠይቀው ደግሞ መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሱም ከአባል አገራት ድምፅ ውጭ አይሆንም። ባንኩ 81 አባላት አሉት፤ 54ቱ የአፍሪካ አገራት ናቸው። ለመመረጥ ከጠቅላላው አባላት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከአፍሪካውያኑ አባላት ድምፅም ለብቻው አብላጫውን ማግኘት ግድ ነው። በዓለም ባንክ ግን መሪው ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የሚመጣው አሜሪካ ካቀረበችው ዕጩ ነው። ስለዚህ የአቢጃኑ ወንበር ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ በገንዘብ ሚኒስትሯ በኩል ድምፅ የምትሰጥበት ነውና።

ወንበሩም ከጥያቄ በላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአዴሲና ላይ ከባንኩ ውስጥ የሥነ ምግባር አቤቱታ ቀርቦ ነበር። የባንኩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነጻ ቢላቸውም አሜሪካ ገለልተኛ ማጣራት ጠየቀች፤ በቀድሞዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን የተመራው ቡድንም የኮሚቴውን ድምዳሜ ደገፈ። በዚያው ዓመት በድጋሚ ተመረጡ። በወረዳ ደረጃ አቤቱታ የቀረበበት ኃላፊ ጉዳዩ በዚህ መልክ ደረጃ በደረጃ ታይቶ ቢቋጭ አቤት ባዩም ተከሳሹም እፎይ ባሉ ነበር።

አዲሱ ፕሬዚዳንት የተለየ መንገድ ተጉዘው የመጡ ናቸው። ሲዲ ኡልድ ታህ የአገራቸው የኢኮኖሚና ፋይናንስ ሚኒስትር ነበሩ፤ ከዚያም የአረብ ባንክ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ልማት የተባለውን ተቋም ለ10 ዓመት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በተደረገው ምርጫ በሦስተኛው ዙር ከ76 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ነው ያሸነፉት። ገንዘብ የማሰባሰብ ልምዳቸው ለድምፁ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ እንደሆነ አያጠራጥርም። ያስቀመጧቸው አራት አቅጣጫዎች ካፒታል ማሰባሰብ፣ የአፍሪካን የፋይናንስ ተቋማት ማስተሳሰር፣ የወጣቱን ብዛት ወደ ሥራና ሀብት መቀየር እንዲሁም መሠረተ ልማትና እሴት መጨመር ላይ ያተኩራሉ። ግብርና በስሙ ተለይቶ ከአራቱ አንዱ አልሆነም።

ይህ ግብርና ተረሳ ማለት አይደለም። ወተቱን ከተማ የሚያደርሰው መንገድ፣ የመስኖ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው መብራት፣ የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ፣ ለገጠር ወጣት የሚፈጠር ሥራ ሁሉም በእነዚህ ርዕሶች ሥር ሊገቡ ይችላሉ። ልዩነቱ ቀድሞ ለግብርና የተለየ በር የነበረ መሆኑና አሁን ግን የግብርና ጥያቄ ከመንገድና ከኃይል ጥያቄ ጋር በአንድ ሰልፍ የሚቆም መሆኑ ነው። በሰልፍ ላይ ደግሞ ወረቀቱን አሟልቶ የመጣ ይቀድማል።

ገንዘቡም እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገራት በዝቅተኛ ክፍያና በረጅም ጊዜ የሚበደሩት ከአፍሪካ ልማት ፈንድ ሲሆን፣ ፈንዱን በየሦስት ዓመቱ የሚሞሉት በዋናነት ለጋሽ አገራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ፈንድ ሊሰጥ የነበረውን 555 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ በበጀት ሐሳቡ ማቅረቡ ለአዲሱ መሪ የመጀመሪያው ፈተና ሆኗል።

ታዲያ ወረዳው ከዚህ ውስጥ የት ነው ያለው? አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ለባንክ የሚቀርበው የአዋጭነት ጥናቱ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው፣ ከመሬታቸው የሚነሱ አርሶ አደሮች ዝርዝርና የካሳ ስሌቱ ሲሟላ ነው። የዚህ ሁሉ መረጃ ምንጭ ወረዳና ቀበሌ ናቸው። የማሳ ልኬቱ ከተዛባ፣ የባለይዞታው ስም ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ፣ ካሳው ሳይከፈል ቁፋሮ ከተጀመረ ሥራው ፍርድ ቤት ደጃፍ ይቆማል። ስምምነቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ በኋላ የአገር ዕዳ ነው። በፈንዱ የተለመደ አሠራር ደግሞ ተፈርሞ በሥራ ላይ ሳይውል ለቆየ ብድርም ክፍያ ይታሰባል። ወረዳው ያዘገየው እያንዳንዱ ወር ለአገር ወጪ ነው እንጂ ነጻ ዕረፍት አይደለም። በየግምገማው «ፕሮጀክቱ ገና አልመጣልንም» እያሉ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ከማለት አይለይም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የተሠራው ይጠበቅ። የቆጋ አውታር በ12 ብሎኮች የተከፋፈለ ነው፤ ከዋናው ቦይ ራቅ ያለው አርሶ አደር ውኃ የሚያገኘው ከላይ ያለው በተራው ካጠጣ፣ ቦዩም ከደለል ከጸዳ ብቻ ነው። ይህን የሚያስከብረው አቢጃን የተቀመጠ ሰው አይደለም፤ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርና የወረዳው መስኖ ባለሙያ ናቸው። ማኅበሩ መዋጮ የሚሰበስብበትን፣ ተራ ያፈረሰን የሚቀጣበትን አቅም ወረዳው ሊሰጠው ይገባል። የባንክ ገምጋሚ ቡድን ለአዲስ ብድር ሲመጣ በመጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ቀድሞ በብድር የተሠራው አውታር ምን ላይ እንዳለ ነው።

የገንዘብ ሚኒስቴርም ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ጋር በሚያደርገው ውይይት አነስተኛ መስኖ፣ የዘር ብዜትና የድኅረ ምርት ማከማቻ ከአራቱ አቅጣጫዎች በየትኛው ሥር እንደሚያዙ በግልጽ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ክልሉ ደግሞ ለዚያ ውይይት የሚሆኑ፣ ጥናታቸው የተጠናቀቀ ፕሮጀክቶች ስንት እንዳሉት ከአሁኑ ቆጥሮ ይጠብቅ። ወረዳዎችም የመኸር ምርት ተሰብስቦ የበጋ መስኖ ከመጀመሩ በፊት የቦይ ጠረጋውንና የይዞታ መዝገብ ማጣራቱን ቢጨርሱ መልካም ነው።