ጆንያ የማይቆጥር ታሪክ

ሰሞኑን ዳንግላ ውስጥ ከአንድ የታሪክ መምህር ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ተከራክረን፣ ተኳርፈን ተለያየን። ጠቡ በባቡር ነው። ሐዲድ ባልደረሰበት ከተማ በባቡር መጣላት እንደሚያስቅ አላጣሁትም።

መምህሩ ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት ሁላችንም የተማርነውን ነው። ባቡር ማለት ምኒልክ፣ ኢልግ፣ ጅቡቲ። ውሉ በ1886 ዓ.ም. ተፈረመ፣ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የቀደመውን ባቡር ዘሎ ያልፈዋል።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ሲወርድ፣ ከህንድ ያገለገሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችና አሮጌ ሐዲድ አብረው ወረዱ። ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ተዘረጋ። መኳንንት የሚንሸራሸሩበት ባቡር አልነበረም፤ ስንቅ፣ ጥይትና የከብት መኖ የሚጎትት የጭነት ባቡር ነው። (እንግሊዞች በአገራቸውም እ.ኤ.አ. በ1825 ከስቶክተን ዳርሊንግተን ሐዲድ የዘረጉት በዋነኛነት የድንጋይ ከሰል ለማመላለስ ነበር።) ዘመቻው ሲያበቃ ሐዲዱ ተነቅሎ ተነሣ። በትዝታችንም ሳይተከል ቀረ።

በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ እየተጓዙ ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ ንጉሡ ራሳቸው መንገድ እያስጠረጉ፣ ገደል እያስወጡ እያስወረዱ። ያን መድፍ እናውቀዋለን። አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ስንት ጊዜ ተተርኳል፣ ስንት ጊዜ ተለቅሶለታል! ባሕሩ ዳር በእንፋሎት ይጎተት ለነበረው ፉርጎ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ ነፈግነው። ጀግና እንቆጥራለን፤ ጆንያ አንቆጥርም።

«ወንድሜ፣ ዙላ ዛሬ ኤርትራ ነው። ባቡሩም የጠላት ነው። ምን አገባን?» አሉኝ መምህሩ።

የጠላት ስለሆነማ ነው የሚያገባን። ባቡሩ ብቻውን መቅደላን ያዘ አልልም፤ እንዲህ ያለ ማጋነን ሌላው በሽታችን ነው። ከዙላ እስከ መቅደላ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዲዱ ከዚያ ውስጥ 19ኙን ብቻ ሸፈነ። የቀረውን የሸፈኑት ከ40 ሺህ የሚበልጡ የጋማ ከብት፣ ግመልና በሬ፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ደግሞም በማሪያ ቴሬዛ ብር እየተከፈለው እህልና በቅሎ ያቀረበው ያገራችን ሰው ናቸው። ለዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት። ሐዲዱን ስንዘል ይህን ሁሉ እንዘላለን፤ ማን ሸጠ፣ ማን አከራየ፣ ማን አሳለፈ የሚለውንም ጭምር። «በጠመንጃ ብልጫ ተሸነፍን» ብሎ መዝጋት እንዴት ይቀላል!

ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ከዚያ የተዘረፈውን የመቅደላ ንብረት ዝሆንና በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ጦሩ ወደ መርከቡ የተመለሰው በመጣበት መንገድ ነው፤ በኩማይሌና በዙላ በኩል። የብራና መጻሕፍቱ ይመለሱልን እያልን የምንጮህ ሰዎች የሄዱበትን መንገድ አለማወቃችን አያሳፍርም?

ዳንግላማ ይህን ለመረዳት ከማንም በላይ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን እዚሁ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ያጠናው በበቅሎና በሸክም ነው። ዛሬም ጋሪ ነጂውን፣ ጫኝና አውራጁን ጠይቁ። መንገድ ሲዘጋ ጨው ምን ያህል እንደሚንር፣ ማዳበሪያ ከዘር በኋላ ሲደርስ የበቆሎው ማሳ ምን እንደሚመስል ከፕሮፌሰር ይልቅ እሱ ይነግራችኋል።

መምህሩ በመጨረሻ «ይኸ በፈተና አይመጣም» ብለው ተነሡ። ጋሼ፣ ባይመጣም ግድ የለም። በመስከረም ክፍል ሲገቡ፣ ከ1886 በላይ ባለው ባዶ ሰሌዳ «1860፣ ዙላ» ብለው ይጻፉልኝ። ሻዩን እኔ እከፍላለሁ።