መጽሐፉን የሚያፈርስ የክፍል ሥራ

የአሜሪካ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» ሲያስተምሩ ከሚወዷቸው የክፍል ሥራዎች አንዱ የምደባ ሥነ ሥርዓት ነው። መምህሯ ተማሪዎቿን በስም ሳይሆን በቁጥር ትጠራለች፤ የተጠራው ልጅ ወደ ፊት ወጥቶ የዕድሜ ልክ ሥራው የተጻፈበትን ፖስታ ይቀበላል። አንዱ መሐንዲስ፣ አንዷ አረጋውያን ጧሪ፣ ሌላዋ «ወላጅ እናት» ትሆናለች። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ደወል ሲደወል ትምህርቱ ያበቃል።

ችግሩ ሳቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የኒውበሪ ሜዳልያን ባገኘው በዚህ ልቦለድ ውስጥ ልጆች የዕድሜ ልክ ሥራቸው በሚመደብላቸው ቀን የሚስቅ ቢኖር በደስታ ነው እንጂ በፌዝ አይደለም። 18 ቁጥር ተጠርቶ ወዲያው 20 ሲጠራ፣ 19 ቁጥር የሆነው የ12 ዓመቱ ጆናስ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ በኀፍረት ይሸማቀቃል። «ወላጅ እናት» ተብላ የተመደበች ልጅ ሦስት ጊዜ ከወለደች በኋላ ቀሪ ዕድሜዋን በጉልበት ሥራ እንደምትጨርስ የጆናስ እናት ለትንሿ ልጇ እንደ ተራ ነገር ትነግራታለች። የታሪኩ አስፈሪነት ማንም አለመደንገጡ ላይ ነው። ይህን በፖስታና በጭብጨባ ማሳየት አይቻልም፤ ጨዋታው ከጆናስ ብቸኝነት ወስዶ ለልጆቹ የሚሰጣቸው የጓደኛ መሳለቂያ ብቻ ነው።

ከንባቡ በፊት የሚሰጠው ሥራ ጉዳቱ ይብሳል። ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው «ፍጹም ማኅበረሰብ» ይነድፋሉ፤ ሕግ ያወጣሉ፣ ባንዲራ ይሥላሉ፣ ፖስተር ይለጥፋሉ። ቀጥሎ መምህሩ «ዲስቶፒያ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ትርጉሙን ያስገለብጣል። ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ የመጽሐፉ ማኅበረሰብ መጥፎ መሆኑን አወቀ ማለት ነው። ላውሪ ግን መጽሐፉን የሠራችው በተቃራኒው መንገድ ነው። በጆናስ ከተማ ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም። ቤተሰብ ማታ ማታ ተሰብስቦ የዋለበትን ስሜት ይነጋገራል፤ ያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተበደለም ይቅር ይላል፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ብስክሌት ይሰጠዋል። አንባቢው ልጅ እዚያ መኖር ቢያምረው አያስደንቅም፤ አጻጻፉ ራሱ ይጋብዘዋል። ከዚያ ቀለም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ኮረብታና በረዶ ሆን ተብሎ እንደጠፋ፣ የሰው ልጅ ትዝታ ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ብቻ እንደተጫነ ቀስ በቀስ ይገባዋል። ወድዶት የነበረውን ዓለም ራሱ ሲጠራጠር ነው ትምህርቱ የሚገኘው። መልሱን አስቀድሞ የነገረው መምህር ይህን ዕድል ነጥቆታል።

«ስንብት»ን ውሰዱ። ቃሉ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አለ፤ በስሕተት ከተማዋ ላይ የበረረ አብራሪ ይሰናበታል፣ ሽማግሌዎች ተደግሶላቸው ይሰናበታሉ። በምዕራፍ 19 ጆናስ አባቱ መንታ ሕፃናትን ሲመዝን የተቀረጸ ምስል ያያል። ደጉ አባት ክብደቱ ያነሰውን ሕፃን ግንባሩ ላይ መርፌ ይወጋዋል፤ ሕፃኑ ይሞታል፤ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ወደ ቱቦ ይሰደውና በለስላሳ ድምፅ ይሰናበተዋል። አንባቢው ያን ቃል 18 ምዕራፍ ሙሉ ሳይጠረጥር አብሮ ሲያነበው ቆይቷል። በአንደኛው ሳምንት በታደለው የቃላት ዝርዝር ላይ ፍቺውን ለገለበጠ ተማሪ ግን ይህ ምዕራፍ የሚያውቀውን የሚያረጋግጥበት ብቻ ይሆናል።

የቃላት ልምምዱ ሌላም ጣጣ አለው። የጆናስ ጓደኛ አሸር በሦስት ዓመቱ መክሰስ ሲጠይቅ ቃሉን እያምታታ በበትር ይገረፍ ነበር፤ በመጨረሻም ለተወሰነ ጊዜ ጨርሶ መናገር አቆመ። ይህን ያነበበ ክፍል በማግስቱ የቃላት ፈተና ተቀምጦ በተሳሳተው ቃል ልክ ነጥብ ይቀነስበታል። በትር የለም፤ ሆኖም ላውሪ አጥብቃ የጠየቀችው፣ ቃልን ማጥራት ሰውን ዝም ለማሰኘት ሲውል ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ፣ በክፍሉ ውስጥ አንድም ጊዜ አይነሣም።

መጽሐፉ በ1990ዎቹ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ በተደጋጋሚ ከተጠየቀባቸው አንዱ ነበር። ከልካዮቹ ተሳስተዋል። ነገር ግን የሕፃኑን ሞት የምር ወስደውት ነበር፤ «በምዕራፍ 19 አባት ምን አደረገ? ሀ፣ ለ፣ ሐ» የሚለው ወረቀት ያን ያህል እንኳ አልወሰደውም።

መምህራኑ ሰነፎች አይደሉም። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተን ካስገደደ ወዲህ ንባብ የሚቆጠር ነገር ሆኗል። የመጻሕፍትን ክብደት የሚለካው ሌክሳይል የተባለው መለኪያ ለ«ዘ ጊቨር» 760 ሲሰጥ፣ ለጆን ስታይንቤክ «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» 680 ይሰጣል፤ የዓረፍተ ነገርን ርዝመትና የቃልን ብርቅነት ስለሚቆጥር የስታይንቤክ ልቦለድ ይቀልላል ይላል። እንዲህ ባለ ቁጥር የሚገዛ ትምህርት ቤት መምህሩን የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፤ ፖስተርና ወረቀት ደግሞ ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም ይቀመጣሉ። ወላጆቻቸው ምደባን የሚያውቁት ከልቦለድ አይደለም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ምሩቅ የት ሄዶ እንደሚሠራ የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ምርጫውን ቢሞላም የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚወስንለት የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። ከእነዚያ ወላጆች መካከል ሥራ ሳይፈልጉ ሥራ በማግኘታቸው የተደሰቱ አሉ፤ ሕይወታቸው ወዳልፈለጉት አቅጣጫ የሄደባቸውም አሉ። ልጅ እናቱን «ሲመድቡሽ ምን ተሰማሽ?» ብሎ እንዲጠይቅ ቢደረግ፣ መጽሐፉ የሚያነሣው ዋስትና ከምርጫ ጋር የሚያደርገው ግብግብ ከነውስብስብነቱ እቤቱ ይገኛል። ከፖስታው ግን አይገኝም።

መጨረሻውም አይተርፍም። ጆናስ ገብርኤል የተባለ ሌላ ሕፃን ታቅፎ በበረዶ መንሸራተቻ ወደ ብርሃንና ወደ ሙዚቃ ይወርዳል፤ ይድኑ ይሙቱ አይነገርም። ክፍሉ እጅ አውጥቶ ድምፅ ይሰጣል፣ ወይም «ምዕራፍ 24ን ጻፉ» ይባላል። ላውሪ የጆናስን መትረፍ ግልጽ ያደረገችው «ሜሴንጀር» በተባለው መጽሐፏ በ2004 ነው። አንባቢዎቿ ለ11 ዓመት የተሸከሙትን ጥያቄ አንድ ክፍል ለአንድ ሳምንት ሳይዘጋ ቢያቆየው ጉዳት የለውም።

የሚያስፈልገው ሥራ ጥቂት ነው። መምህሩ ምዕራፍ 19ን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ወረቀት አያድል፣ ነጥብ አይስጥ። በማግስቱ ተማሪዎቹን ወደ ምዕራፍ አንድ ይመልሳቸው። መንገድ የሳተውን አብራሪ ዕጣ ሁለተኛ ሲያነቡት፣ በመጀመሪያው ቀን ለምን ዝም ብለው እንዳለፉት እርስ በርሳቸው ይከራከሩበት።